እርሳስ ይዛችሁ ሙዚየም ግቡ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥቅምት ሲገባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም ይለወጣሉ። ዝናቡ አልፏል፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው ግርግር ረገብ ብሏል። ወላጅ ደግሞ «ቅዳሜ ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?» ማለት ይጀምራል። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ሥዕልና የእጅ ሥራ የሚሠራበት የቤተሰብ ቀን ስለማዘጋጀት የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ።

«ሦስት ልጆች አሉኝ። ሙዚየም ስወስዳቸው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "እማዬ እንሂድ" ይሉኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?» (ከአራተኛ፣ ሐረር)

እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እንሂድ እላለሁ። አዋቂ ከፊት ከፊት እየሄደ ጽሑፍ ሲያነብ ልጅ ምን ይሥራ? ሁሉንም ላሳያቸው አይበሉ። አንድ ክፍል ይምረጡ፣ እዚያው ይቀመጡ።

ለመጀመሪያ ቀን እኔ የምመርጠው ጀጎል ውስጥ ያለውን የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ ያ ብቻውን ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ሥራ ይስጧቸው። ትልቁ ነደባዎቹን ይቁጠር። ነደባ ማለት እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራው መቀመጫ ነው፣ እንደ ወጉ አምስት ነው። እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት አስጎብኚውን ይጠይቅ። መካከለኛዋ ግድግዳው ውስጥ የገቡትን መደርደሪያዎች ትፈልግ። እንደ ልማዱ 11 ናቸው፣ ዘጠኙ አራት ማዕዘን፣ ሁለቱ ከላይ ቅስት ያላቸው። ትንሹ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ መኖር አለመኖሩን ይይ። ምንጣፉ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ቤቱ ውስጥ እንዳለች ይናገር ነበር ይባላል። ይህን ሲሰሙ ሳቁ ይጀመራል።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት የሚወጣው። ያዩትን ቤት ሳይሆን «የእኛ ቤት ነደባ ቢኖረው ማን የት ይቀመጥ ነበር?» የሚለውን ይሳሉ። አባትየው ከታች ከተቀመጠ ዝም ይበል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ ውስጥ እርሳስ ብቻ ይሁን። የውኃ ቀለም፣ እስክሪብቶ፣ ማርከር እና ብስኩት ውጭ ይቆዩ። የፈሰሰ ቀለም ከመቶ ዓመት ዕቃ ላይ አይለቅም።

«ልጄ ቀለም ትወዳለች፣ ግን ጥሩ ቀለም ውድ ነው። ያለ ብዙ ወጪ ምን ይቻላል?» (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

እርስዎማ ከሁላችንም የተሻለ ቦታ ነው ያሉት! ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ለቀለም የሚሆን ቀይና ቢጫ ድንጋይ አግኝተዋል፤ ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል። ድንጋዩ የተፈጨበት መሣሪያም አብሮ ተገኝቷል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። እዚያው ድሬዳዋ አካባቢ ባለው የለገ ኦዳ ዋሻም የጥንት ሰዎች የሣሉት የከብት ሥዕል ዓለቱ ላይ አለ።

ስለዚህ ልጅቷ ቀለም ትፍጭ። ቀይ አፈር ትሰብስብ፣ በደንብ ታድርቀው፣ በሙቀጫ ትውቀጠው፣ በቀጭን ጨርቅ ትንፋው። ከሰል ጥቁር ይሰጣል፣ እርድ ቢጫ፣ የቡና አተላ ቡናማ። ዱቄቱ ወረቀት ላይ እንዲይዝ የእንቁላል አስኳል በጥቂት ውኃ በጥብጠው ያቀላቅሉት። በአስኳል የተለወሰ ቀለም ቶሎ ስለሚበላሽ የዚያኑ ዕለት ይጠቀሙበት። እርዱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደበዝዛል፤ አፈሩና ከሰሉ ግን አይደበዝዙም። ልጅቷ በእርድና በአፈር የተቀባ ወረቀት መስኮት ላይ አስቀምጣ ራሷ ትየው።

ሐረር ስትመጡ ደግሞ የባህላዊ ቤቱን ቀይ ወለል አሳዩዋት። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. ሐረሮች ከምኒልክ ጦር ጋር በተዋጉበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚሉ አሉ። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህን መንገር አለመንገር የእርስዎ ፈንታ ነው። እኔ ለአሥር ዓመት ልጅ እነግር ነበር።

«የሥዕል ክበብ አስተማሪ ነኝ። ቀኑ ሲያልቅ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ሽልማት ብንሰጥስ?» (ከሸንኮር)

አይሆንም፣ መምህር። ሦስት ልጅ ደስ ብሎት፣ ሠላሳው አኩርፎ ይሄዳል። የሁሉንም ሥዕል ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። ገንዘቡ ለሻይና ለሳምቡሳ ይሁን።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሞሰብና ሰፌድ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ልጄ "የልጅ ልጆችሽን ያን ቀን ስፌት አስተምሪያቸው" ይለኛል። እኔ ያልተማርኩ ምን ብዬ ላስተምር?» (ከጀጎል)

እትዬ፣ ሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እኮ የእርስዎ ዓይነት እጅ የሠራው ነው። ሥር ያለው ካርድ የስፌቱን ስም ይነግር ይሆናል፤ እጅ እንዴት እንደሚዞር ግን አይነግርም። እርስዎ ይምጡልን።

ሁለት ሐሳብ ብቻ ልጨምር። ወስፌ ለትንንሾቹ አይስጡ። ለእነሱ ወፈር ያለ ገመድና ባለቀለም ክር ይበቃል፣ ገመዱን እየጠቀለሉ ያዞሩታል። ተለቅ ላሉት አክርማ፣ ስንደዶና አለላ ይዘው ይምጡ፤ ነገር ግን መሐሉን ራሱ እርስዎ ጀምረው ያቀብሏቸው። አጀማመሩ ከባዱ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ ልጅ እዚያ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። አንድ ዙር ከጨረሱ ይበቃል። ስፌቱ እየሰፋ ሲሄድ ጥለቱ እንዳይዛባ እንዴት እንደሚቆጥሩም ያሳዩአቸው። የሒሳብ አስተማሪዎች ቢያዩዎት ይቀናሉ።

«በስልኬ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ? ሥዕል አልችልም።» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሐረር)

ትችላለህ፣ ጠባቂውን ካስፈቀድክ። ፍላሽ አጥፋ፤ ብርሃን የድሮ ወረቀትና ጨርቅ ይጎዳል። መኪና ግርግር በሚባለው የጀጎል የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሰፊዎቹን ማንሳት ካማረህ መጀመሪያ ሰላም በል፣ ጠይቅ፣ እምቢ ካሉ እሺ ብለህ እለፍ።

ራምቦ ቤት ስትገባ የድሮዋን ሐረር ፎቶዎች ታያለህ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ራሱ በ1875 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር ራሱን ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ልኳል። ፎቶዎቹን ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ነጥተዋል ብሎም አማርሯል። ያኔም ውኃ ያማርሩ ነበር ማለት ነው። አንተ አሥር ፎቶ ብቻ አንሳ፣ አትሰርዝ። የት እንደምትቆም ማሰብ የምትጀምረው ያኔ ነው።

«ልጄ ባጃጅ ብቻ ነው የሚስለው። ሙዚየም ወስጄውም ባጃጅ ሳለ። ልቆጣው?» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ኧረ ተዉት! ባጃጅ ከሆነ ፍቅሩ ባጃጁን ወደ ታሪክ ይውሰዱለት። ሐረር ከባጃጅ በፊት በ404 ፔጆ ታክሲዎቿ ነበር የምትታወቀው። አያቱን ወይም አንድ የድሮ ሹፌር ያስጠይቁት፦ በሩ እንዴት ነበር የሚዘጋው? ስንት ሰው ይጭን ነበር? ከዚያ ፎቶ ሳያይ፣ የሰማውን ብቻ ይዞ ይሳል። በኋላ እውነተኛውን ፔጆ አግኝቶ ከሥዕሉ ጋር ያስተያይ፤ ሐረር ውስጥ ትንሽ ቢፈልጉ አይታጣም። ሹፌሩ ከፈቀደለት ውስጥ ገብቶ መሪውን ይያዝ።