እጇ ይመለሳል ወይ? ስለ ስትሮክ የደረሱን ጥያቄዎች

ሲቲ ስካኑ «ምንም የለም» አለ፤ የአባቴ ቀኝ ጎን ግን አይንቀሳቀስም። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን? (ከአጋሮ)

ላይሳሳት ይችላል። ስትሮክ የሚመጣው አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም የደም ሥር ሲዘጋ ነው። የፈሰሰ ደም ሲቲ ላይ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፊልሙ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ የሚወጣው ከአንድ ቀን በኋላ በሚነሳው ላይ ነው። የመጀመሪያው ሲቲ ዋና ሥራ ደም አለመፍሰሱን ማረጋገጥ ነው። «ንጹሕ ነው» ሲባል «ቀላል ነው» ብላችሁ አትስሙት።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ከታመመች ሁለተኛ ቀኗ። ግራ እጇ እንደሚመለስ ካሁኑ ይታወቃል? (ከሂርማታ)

እዚህ ላይ ከፊልሙ ይልቅ እጇ ራሱ ይናገራል። ነገ፣ በ3ኛው ቀን፣ ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ሁለት ነገር ይይላት፦ ክንዷን ከትከሻ ወደ ጎን ማንሳትና ጣቶቿን መዘርጋት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ጡንቻው ጥብቅ ብሎ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ 1፣ የራሱን ክብደት ችሎ ከተነሳ 3፣ ሙሉ ጉልበት ካለው 5 ነው። ድምሩ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከ80 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እጁ በ3 ወር ውስጥ ወደ ቀድሞው የመጠጋት ተስፋው ትልቅ ነው። ከ5 በታች ሲሆን ግን ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው መስመር መትረፉን በማግኔት ምት (ጭንቅላት ላይ በተያዘ ማግኔት አንጎልን ቀስቅሶ እጁ መልስ መስጠቱን በማየት) መፈተሽ ያስፈልጋል። ስሌቱን ያወጡት የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የሚሰምረውም ከ4 ሰው በ3ቱ ገደማ ነው።

ቤተሰብ «ጣቴን ጨብጣ ያዘችኝ» ብሎ ይደሰታል። መጨበጥ ግን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው መዘርጋት ነው። ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ብትሰቅልም ክንድ አነሳች አይባልም። ስታስነሷት ደግሞ የደከመውን እጅ አትጎትቱ፣ የላላው ትከሻ ይወልቃል።

ጎረቤታችን «ሰፊ ጉዳት» ተብሎ ይራመዳል፤ ወንድሜ «ትንሽ ነጥብ» ተብሎ እጁም እግሩም ያዘው። ለምን? (ከአጂፕ)

ቦታው ነው። የእንቅስቃሴ ትእዛዝ የሚያወርዱት የነርቭ ክሮች አንጎል ውስጥ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ቆጣሪው ሥር የተበጠሰ ሽቦ ቤቱን በሙሉ እንደሚያጨልም፣ እዚያ የደረሰ ትንሽ ጉዳት ግማሽ ጎንን ይይዛል። በዚያ ላይ ዕድሜ፣ በመጀመሪያው ቀን የእጅና የእግሩ መድከም መጠን፣ ቀድሞ የነበረ ስትሮክና ስኳር ይታሰባሉ።

3 ወር አለፈው፤ ፊዚዮቴራፒው ይቁም? (ከሰርቦ)

አይቁም። ፈጣኑ ለውጥ በእነዚያ ወራት ነው፤ ንግግር ግን ከዚያም በኋላ ይሻሻላል። ለቀጠሮ ወደ ጅማ ስትመጡ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ራሱን ያዙ፤ ቦታውን ሐኪሙ በዓይኑ ማየት አለበት።