ሂተሩ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ውሃውን ይዩ

ጥያቄ፦ የምነዳው የቆየ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ደብረ ብርሃን ስለምኖር ጠዋት ያለ ሂተር መውጣት ከባድ ነው። ሰሞኑን መኪናው ሲሄድ ሞቅ ያለ አየር ይሰጠኛል፤ ሰው ለመጠበቅ ስቆም ግን ቀዝቃዛ ይነፋብኛል። አንድ ጋራዥ «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» አሉኝ። ራዲያተሩ ላይ አልፎ አልፎ ውሃ እጨምራለሁ። ጋዙን ላስሞላ? ሂተርስ ነዳጅ ይበላል?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋዙን አያስሞሉ። ጋዝ የኤሲ ነው፤ ለማቀዝቀዣው። የእርስዎ ሂተር የሚሠራው በሞተሩ ውሃ ነው።

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ጉልበት ሲሶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ወደ ኩላንቱ፣ ማለትም ሞተሩን ወደሚያቀዝቅዘው ፈሳሽ፣ ይገባል። ከዚያ ትኩስ ኩላንት የተወሰነው በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ወደ ጋቢና ይዞራል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የመጽሐፍ መጠን ያላት ትንሽ ራዲያተር አለች። ኩላንቱ በውስጧ ያልፋል፣ ቬንትሌተሩ አየር ይነፋባታል፣ የሞቀው አየር ወደ እግርዎና ወደ መስታወቱ ይመጣል። ሙቀቱ ባይጠቀሙበትም ውጭ የሚጣል ነው። ቬንትሌተሩ ከሚወስዳት ትንሽ ኤሌክትሪክ በቀር ነዳጅ አይበላም።

ወደ እርስዎ መኪና ልምጣ። ሲሄድ ሞቆ ሲቆም የሚቀዘቅዝ ሂተር ብዙ ጊዜ ውሃው ጎድሏል ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑ ጠንክሮ ይገፋል፤ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ በዝቅተኛ ዙር፣ ሲሠራ ግን ያችን ትንሽ ራዲያተር መሙላት ያቅተዋል።

እኔን ያሳሰበኝ «አልፎ አልፎ ውሃ እጨምራለሁ» ያሉት ነው። ይህ መስመር ዝግ ነው፤ በየጊዜው መጉደል የለበትም። ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የጋቢናውን ምንጣፍ በእጅዎ ይዳብሱት። ከረጠበ፣ ጣፋጭ ሽታ ከሸተተዎት ወይም መስታወቱ ላይ ቅባት መሰል ጉም ከተለጠፈ፣ የምታፈሰው ያችው ትንሽ ራዲያተር ናት። ካልሆነ ቱቦዎቹን፣ ፓምፑን፣ ክዳኑን ያስፈትሹ። የቴስታው ጓርኒሲዮንም (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ አይበሉ።

የእናንተ ከተማ ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተራ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የሞተር የሥራ ሙቀትም እዚያው ገደማ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው በራዲያተሩ ክዳን የሚታመቀው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ይቀየር። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ይቅር፤ ዝገቱና ደለሉ የሂተሩን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይደባለቁ። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ይጣፍጣል፤ ከልጆችና ከውሻ ያርቁት።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ካጋጠመዎት እሺ አይበሉት። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ቴርሞስታቱ 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን ከትልቁ ራዲያተር አግዶ ሞተሩን ያሞቃል። ከወጣ በእንደ ደብረ ብርሃን ያለ ብርድ ሞተሩ በቅጡ አይሞቅም፣ ሂተሩም ለብ ብሎ ይቀራል። ያኔ ነው ነዳጅ የሚበላው።

ፍሳሹ ከተደፈነ በኋላ ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ይቁም። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገው ያስነሱና አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያሉ ይሙሉ። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱን ቱቦዎች በጨርቅ ይንኩ። ሁለቱም ትኩስ ሆነው አየሩ ከቀዘቀዘ፣ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለችው፣ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የምታቀያይረው በር ናት። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ራዲያተሯ ተደፍናለች፤ ትታጠብ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጡ የሙቀት መርፌው ከፍ ካለ ኤሲውን ያጥፉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ያሙቁ። ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስለታል። መርፌው ወጥቶ ሳለ ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፋ ግን ውሃው አልቋል። ዳር ይዘው ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ፤ በደንብ ሳይበርድም ክዳኑን አይንኩ።