መልስ፦ ሙቱስዋሚ ማን ነበሩ?

ወንድሜ፣ «የሕንዱ የፊልም ተዋናይ ቪጃይ ሴቱፓቲ ፊልም ሳይጀምር በሂሳብ ሠራተኝነት የገባበት የቲያትር ቡድን የማን ነው?» ላልከው፣ የተውኔት ጸሐፊው የና. ሙቱስዋሚ ነው። ቡድኑ ኩቱፓታራይ ይባላል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው) ሕንድ፣ ቼናይ ከተማ ውስጥ ተመሠረተ።

ሙቱስዋሚ በ1936 በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ታንጃቩር አካባቢ ፑንጃይ በምትባል መንደር ተወለዱ። መጀመሪያ አጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበሩ። ተውኔት መጻፍ የጀመሩት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ከሥራዎቻቸው አንዱ «ናርካሊካራር» ነው፤ «የወንበሩ ሰው» እንደማለት።

እኔ ግን ከሁሉ የምወድላቸው ለተሩኩቱ የሰጡትን ክብር ነው። «ተሩ» መንገድ ነው፣ «ኩቱ» ደግሞ ጨዋታ። ገጠር ውስጥ በአምላካቸው በዓል ሌሊቱን ሙሉ የሚታይ ቲያትር ነው። ከበሮ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ፊት በቀለም ይዋባል፣ ትልልቅ የእንጨት ዘውድ ይደፋል። ታሪኩ በአብዛኛው ማሃባራታ ከሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ተረክ ነው። ብዙ የከተማ ሰው የባላገር ነገር ብሎ ይንቀው ነበር። ሙቱስዋሚ ግን የፑሪሳይ መንደሩን አንጋፋ ካናፓ ታምቢራንን ከተዋናዮቻቸው ጋር አሠሩ። የሰውነት እንቅስቃሴውንና የድምፁን ጉልበት ለዘመናዊ ተውኔት አዋሉት። በእውነት ትልቅ ሥራ ነው!

«ፓታራይ» ራሱ የእጅ ሙያተኛ መሥሪያ ቦታ ማለት ነው። ስሙ ልክ ነው፤ ተዋናይ እዚያ በየቀኑ ልምምድ ነበር የሚሠራው። የፊልም ተዋናዮቹ ፓሱፓቲና ጉሩ ሶማሱንዳራምም የወጡት ከዚያው ነው።

ሙቱስዋሚ በ2012 ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የሕንድ መንግሥት ሽልማት አገኙ። ያረፉት በ2018 ነው። የፓሱፓቲን ፊልም ካገኘህ አካሉን እንዴት እንደሚጠቀምበት ልብ ብለህ እየው።