ትንሽ ቴአትር ቤት ልትሄዱ ነው? ጠይቁኝ

መቶ ሰው እንኳ በማይሞላባቸው፣ ደፈር ያለ ተውኔት በሚታይባቸው ቤቶች ለዓመታት በር ላይ ትኬት ተቀብያለሁ፤ ሰው አስቀምጫለሁ። ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ።

ፊት ወንበር ይሻላል?

መጀመሪያ መድረኩ እንዴት እንደተዘረጋ እይ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ ግድግዳቸው ጥቁር ቀለም የተቀባ ባዶ ክፍል ነው፤ ወንበሩ ለየተውኔቱ እንደ አዲስ ይደረደራል። ተመልካቹ ዙሪያውን ከሆነ የትም ብትቀመጥ የአንዱን ተዋናይ ጀርባ ማየትህ አይቀርም። አዘጋጁም ያውቀዋል፤ ተዋናዮቹን የሚያዟዙራቸው ለዚህ ነው። በሦስት ጎን ከሆነ መሃለኛውን ያዝ። ከፊት የተቀመጠ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተዋናይ ሲያደናቅፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን ከጠየቅከኝ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ።

አምስት ደቂቃ ባረፍድ ያስገቡኛል?

ላያስገቡሽ ይችላሉ። ተመቅኝተው አይደለም። መግቢያው አንዳንዴ በመድረኩ ጥግ ስለሆነ፣ ስትገቢ ታሪኩ መሃል ትገኛለሽ። ብዙ አዳዲስ ተውኔቶች ደግሞ እረፍት የላቸውም። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቀደም በይ። መጸዳጃ ቤትም ያኔ ነው!

ቤቱ ትንሽ የሆነው ገንዘብ ስለሌላቸው ነው?

አንዳንዴ አዎ፣ ምን ይደበቃል። ግን ተፈልጎም ይደረጋል። ስዊድናዊው ጸሐፌ ተውኔት ስትሪንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. ትንሽ መድረክና ትንሽ አዳራሽ ያስፈልገናል ብሎ ጽፎ ነበር። በ1907 ስቶክሆልም ውስጥ የከፈተው ቤት 161 ወንበር ብቻ ነበረው። ተዋናዩ ሳይጮህ፣ የፊቱ ለውጥ ብቻ እንዲናገር ነው የፈለገው። ትልቅ አዳራሽ ኋላ ተቀምጠህ ይህን አታገኘውም።

ተዋናዩ ድንገት ቢያናግረኝስ? ሳስበው ያልበኛል።

ከመተላለፊያው ራቂ። ፈቃደኛ ሰው የሚፈልጉት በዓይን ነው፤ ቀና ብሎ ያላያቸውን ያልፉታል። ከመጡብሽም ፈገግ ብለሽ ራስሽን በእምቢታ ነቅንቂ። ጨዋ ተዋናይ አያስገድድም።

ትኬት የሚረክሰው መቼ ነው?

ከምረቃው በፊት ባሉት የሙከራ ምሽቶች። ተውኔቱ ገና እየተስተካከለ ስለሆነ መብራት ሊሳሳት ይችላል፣ ግን እኔ እነዚያን ምሽቶች እወዳቸዋለሁ። አንዳንድ ቤቶች የአቅምህን የምትከፍልበት ቀንም አላቸው።

ከእናቴ ጋር ልሂድ?

ማሳሰቢያውን አንብብ። ራቁትነት፣ የጥይት ድምፅ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካለ ይጽፉታል። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ቀልድ አይደለም። እርቃን ካለ ደግሞ… ከእናትህ አጠገብ ተቀምጠህ? አንተ ታውቃለህ።

ስልኬን ድምፁን ባጠፋው በቂ ነው?

አይደለም፣ ራሱን ዝጊው። ጨለማ ውስጥ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ሲያርፍ፣ ሁለት ሜትር ላይ የቆመው ተዋናይ መልእክት ስታነቢ ቁልጭ አድርጎ ያይሻል።