የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የግቢ ምድጃ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ማታ ማታ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣን የምንሞቅበት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በግቢዬ ለማስገንባት አስቤአለሁ። ያነጋገርሁት ግንበኛ በብሎኬት ሠርቶ ውስጡን በሲሚንቶ እንደሚለስነው፣ ወጪ ለመቆጠብም ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር እንደሚያያይዘው ነግሮኛል። ይሁንና ጎረቤቴ በዚሁ ዓይነት ያሠራው ምድጃ አንድ ክረምት ሳይሻገር ልስኑ ተፈረፈረ፤ ጀርባውም ተሰነጠቀ። ስሕተቱ ምን ላይ ነው? ዓመታት የሚቆይና ለልጆችም የማያሰጋ እንዲሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስሕተቱ ሲሚንቶው የማይገባው ቦታ መግባቱ ነው። የእንጨት ፍም ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። የደረቀ ሲሚንቶ ደግሞ ከ400 ዲግሪ በላይ ሲግል በውስጡ ካሉት ማያያዣዎች አንዱ አስሮ የያዘውን ውኃ ይለቅና ወደ ጥሬ ኖራነት ይለወጣል። ምድጃው በበጋ ደኅና መስሎ ይከርምና ዝናብ ሲመጣ ያ ኖራ ውኃ ይጠጣል፤ ጥሬ ኖራ ውኃ ሲያገኝ እንዴት እንደሚያብጥና እንደሚፈረከስ ኖራ ቀብቶ የሚያውቅ ሁሉ አይቶታል። የጎረቤትዎ ልስን በክረምት የተፈረፈረው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ብሎኬቱም ቢሆን ግድግዳው ስስ፣ መካከሉ ክፍት ስለሆነ አንደኛው ገጽ ግሎ ሌላው ሲቀዘቅዝ መሰንጠቁ አይቀርም።

ስለዚህ ምድጃውን እንደ አንድ ግንብ አድርገው አይመልከቱት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የቆመ ሁለት ግንብ ነው። የውስጠኛው እሳት የሚቋቋም ጡብ ወይም፣ እርሱ ካልተገኘ፣ በደንብ የተቃጠለ ሸክላ ጡብ ይሁን፤ የሚያያዘውም በሸክላ ጭቃ ነው። ሸክላ ሠሪዎቻችን ድስቱ በእሳት እንዳይሰነጠቅ ጭቃው ውስጥ የተወቀጠ ገል እንደሚጨምሩ ሁሉ እዚህም አሸዋ ከመጨመር ይልቅ የደቀቀ ገል ወይም የጡብ ዱቄት መጨመር ይሻላል። በጡቦቹ መካከል ያለው ጭቃ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የውጭኛው ግንብ በሲሚንቶ የተያያዘ ጥርብ ጥቁር ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ጠላት ዝናቡ እንጂ እሳቱ አይደለምና። በሁለቱ መካከል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት፤ ያለዚያ የጋለው የውስጥ ግንብ ሲሰፋ የውጭውን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ግንበኛው ሲሠራ ክፍተቱን በሲሚንቶ ፍርፋሪ እንዳይደፍነው በመካከሉ የካርቶን ቁራጭ ያቁሙለት፤ ካርቶኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሳት ከስሎ ይጠፋል፣ ክፍተቱ ግን ይቀራል። መክፈቻውን ከላይ የሚሸከመው አንጎላሬ ብረትም ጫፎቹ በሲሚንቶ ተቀርቅረው እንዳይያዙ በሁለቱም በኩል ጥቂት መላወሻ ይተውለት።

ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ስኖር ከቦርከና ወንዝ ዳር ያስለቀምሁትን ክብ ድንጋይ፣ ለውበቱ ብዬ፣ በምድጃዬ ወለል ላይ ደረደርሁት። ቶናው ገና ሳይቀዳ አንዱ ድንጋይ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳና ስባሪው ረከቦቱ ላይ ከነበሩት ሲኒዎች ሁለቱን ሰበረ፤ ከረከቦቱ ኋላ የተቀመጠችው የእኅቴ ልጅ በተአምር ተረፈች። የወንዝ ድንጋይ በስንጥቁ ውኃ ይዞ ይኖራል፤ ውኃው በእሳት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መውጫ ካጣ ድንጋዩን ይበጥሰዋል። የወንዝ ድንጋይ ለውጭ ግንብ ቢሆን እንኳ ከእሳቱ አፍ አይጠጋ።

መሠረቱን በተመለከተ አፈሩን ቆፍረው ይዩት። ጥቁር ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመውን ከባድ ግንብም ያናውጠዋል። ዋልካው ወጥቶ ጠንካራው አፈር ወይም ዐለቱ እስኪገኝ ድረስ ይቆፈር፤ ጉድጓዱ በድንጋይና በጠጠር ተጠቅጥቆ ይሞላ፤ ከላዩም 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት፣ 12 ቁጥር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ተጠላልፎበት፣ ከምድጃው ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይፍሰስ።

የጭሱ ጉዳይ ልኬት ነው። መክፈቻው 90 ሳንቲ ሜትር ወርድና 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ጥልቀቱ 50 ይበቃዋል። የጭስ ማውጫው የውስጥ የቆዳ ስፋት ከመክፈቻው የቆዳ ስፋት (ወርዱ በቁመቱ ተባዝቶ) አንድ ዐሥረኛ ማነስ የለበትም፤ የግቢ ምድጃ ጭስ ማውጫ አጭር ስለሚሆን ግን እኔ አንድ ስምንተኛውን እመርጣለሁ። ይህም 30 በ30 ቢሆን ይሸፍነዋል። ከመክፈቻው ራስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚሠራው ጉሮሮ፣ ማለትም ጭሱ ወደ ማውጫው የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ፣ 90 በ10 ይሁን፤ ከበስተኋላው ጠፍጣፋ እርከን ይኑረው፣ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ እዚያ ተመልሶ እንዲወጣ። ጭስ ማውጫው ከምድጃው ወለል 3 ሜትር ያህል ይቁም፤ በራሱም ላይ ዝናብ የሚከለክል ክዳንና ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት ብረት ይደረግበት። ወለሉ ወደ ውጭ ጥቂት ያዘንብል፤ የገባ ዝናብ ከተኛ የሸክላውን ጭቃ አጥቦ ይወስደዋል።

ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር የማያያዙን ሐሳብ ፈጽመው ይተዉት። ከቤት፣ ከአጥር፣ ከባሕር ዛፍ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም በላዩ አይለፍ። በፊቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ ይነጠፍ፤ ልጆች ካሉ ከንጣፉ ወዲያ ዝቅተኛ የመቀመጫ ደረጃ ቢሠራ ሳይከለከሉ ይከለከላሉ።

ሥራውን በጥቅምት ጀምረው የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ይጨርሱ። ኮንክሪቱ 7 ቀን ውኃ እየጠጣ፣ ግንቡም 28 ቀን ሳይነድበት ይቆይ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ምሽት እሳት አንድ እፍኝ ጭራሮ ብቻ ይሁን፤ በየማታው ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ በ5 ወይም በ6 ቀን ወደ ሙሉ እሳት ይድረሱ። ይህን ቸኩሎ የዘለለ ሰው ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ሠርቶም ግንቡን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው ቦሩ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ስለሚበረታ ምድጃው ያለበትን ዳስ በሸራ ዙሪያውን ብንሸፍነውስ?

መልስ፦ በነፋሱ በኩል ብቻ ይጋርዱ፤ ቢያንስ ሁለቱ ጎን ምንጊዜም ክፍት ይሁን። ፍም ነበልባል ባይኖረውም እንኳ ሽታ የሌለው፣ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። አመዱንም ቀናት ሳይቆይ አይጥሉት፤ በላዩ የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ውስጡ ፍም ይዞ ለቀናት ሊቆይ ይችላልና ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርገው፣ ከጭድ ክምርና ከደረቅ እንጨት አርቀው ያስቀምጡት።