ጥቁር አክታ አስደነገጠኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ዕቃ ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። ማታ ስናፈጥ ጥቁር ወጣ፣ ጠዋት ደግሞ አክታዬ ግራጫ ሆነ። ሳንባዬ በአቧራ ተሞላ ማለት ነው? አክታ መዋጥስ ይጎዳል? — የፈራችው እህታችሁ

መልስ፦ አይዞሽ እህታችን፣ ያየሽው አቧራ እየወጣ ያለው ነው።

የአፍንጫና የአየር ቧንቧ ውስጠኛው ግድግዳ ዝልግልግ ፈሳሽ ተቀብቷል፤ አቧራው ሲገባ እሱ ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ ደግሞ ሲሊያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ፤ አንዷ ሕዋስ ላይ ብቻ 200 ገደማ። በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይወዛወዛሉ። ሲሄዱ ቀጥ ብለው ዝልግልጉን በጫፋቸው ይገፉታል፣ ሲመለሱ ግን ጎንበስ ብለው ከሥር ባለው ቀጭን ውሃ ውስጥ ሹልክ ይላሉ፤ አለዚያማ የገፉትን መልሰው ይጎትቱት ነበር! (እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።) የሳንባው ወደ ላይ፣ የአፍንጫው ወደ ኋላ ይሄድና ሁለቱም ጉሮሮ ላይ ይገናኛሉ። ፍጥነቱ በዋናው ቧንቧ ውስጥ በደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስንተኛ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ሳልም ይቀንሳል፤ ጠዋት ላይ አክታ የሚበዛው አንዱም ለዚህ ነው።

መዋጡን በተመለከተ፣ ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ ስንውጠው ነው የምንውለው። አብሮት የሚወርደውን ጀርም አብዛኛውን የጨጓራ አሲድ ይገድለዋል፤ ስለዚህ አይጎዳም።

ሁሉም ብናኝ ይያዛል ማለት ግን አይደለም። በጣም ደቃቁ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል፣ እዚያ ሲሊያ የለም። ጠራጊዎቹ ብናኝ የሚውጡ ሕዋሳት ናቸው፣ እነሱም ሁሉን አይችሉም፤ በተለይ ለዓመታት የድንጋይ ብናኝ ለሚተነፍስ ሰው። ሲጋራ ደግሞ ሲሊያዎቹን ያዳክማል፣ ያጠፋልም፤ ስለዚህ አጫሹ በአብዛኛው በሳል ነው የሚጠርገው። ሲያቆም እነሱ ሥራ ይጀምሩና ሳሉ ለጊዜው ሊብስ ይችላል፣ ሰውዬውም «ማቆሜ ነው ያሳመመኝ» ብሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። አይመለስ!

ያንቺው በጥቂት ቀን ካልጠራ፣ ደም ከታየበት፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ዕቃ ቤቱ ካላለቀ ደግሞ ከመጥረግሽ በፊት ወለሉን ውሃ እርጪው፣ አፍና አፍንጫሽንም ሸፍኚ።