የጉልበተኛ ሞተር ዘይት፦ ወፍራሙ ሁልጊዜ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2004 ሞዴል ቢኤምደብሊው ኤም3 ነው። መመሪያው 10ደብሊው-60 ይላል። አንዱ መካኒክ «ውድ ነው፣ 5ደብሊው-30 ይበቃዋል» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ለዚህ ሙቀት 20ደብሊው-50 ነው የሚሻለው» ይለኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉና 10ደብሊው-60 ያስሞሉ። ኤስ54 የሚባለው ይህ 3.2 ሊትር ሞተር በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና ነው፤ ብሮንዚና ቢየላው ክራንክሻፍቱን በሚይዝበት ቦታ የሚገባ ስስ የብረት ሽፋን ነው። ብሮንዚናውን ከክራንክሻፍቱ የሚለየው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ብረት ከብረት ይፋተጋል። የሞተሩ የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች በዚሁ ችግር ይታወቃሉ፤ ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ2003 መኪኖችን ጠርቶ ብሮንዚና እስከ መቀየር ደርሷል።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ነው፤ ዱባይ ላይ እምብዛም አያሳስብዎት። ጉዳዩ ያለው ከሰረዙ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ዘይቱ ይወፍራል)፣ 40 እስከ 16.3፣ 50 እስከ 21.9፣ 60 ደግሞ እስከ 26.1 ይደርሳል። ነገር ግን መኪናው ሲነዳ ዘይቱ 100 ላይ አይቆምም። በ100 ዲግሪ 23 ሴንቲስቶክ የነበረ 10ደብሊው-60 ዘይት 130 ሲደርስ ወደ 12 ይወርዳል፤ ይህም 5ደብሊው-30 በ100 ዲግሪ የሚኖረው ውፍረት ነው። 5ደብሊው-30ው ራሱ በ130 ዲግሪ ወደ 6 ገደማ ይቀጥናል። በበጋ አስፋልት ላይ ሞተሩን እስከ ቀይ መስመር (እስከ መጨረሻው የተፈቀደ ዙር) ሲጎትቱት ብሮንዚናው የሚያገኘው ያንን ነው። 20ደብሊው-50ን በተመለከተ፣ ዱባይ ጠዋት ሞተር ለማስነሳት አያስቸግርም፤ ግን ከ60 ይቀጥናል፤ በገበያ ያለውም አብዛኛው ሚነራል (ሰው ሠራሽ ያልሆነ፣ ከድፍድፍ የተጣራ) ስለሆነ በከፍተኛ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ውፍረቱ ግን የራሱ ዕዳ አለው። ይኸው 10ደብሊው-60 በ40 ዲግሪ 160 ሴንቲስቶክ አካባቢ ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ወደ ጠባብ ቦታ ቶሎ አይገባም። ለዚህ ነው ዙር ቆጣሪው ዳር ያሉት ብርቱካናማ መብራቶች ሞተሩ ሲነሳ በርተው ዘይቱ ሲሞቅ አንድ በአንድ የሚጠፉት። እስኪጠፉ ድረስ ሞተሩን አያስጩኹት። የውሃው ሙቀት ሞልቶ ዘይቱ ገና ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ራሱን የቻለ የዘይት ሙቀት መለኪያ ስላለው እሱን ይመልከቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ በግፊት ነው። ወፍራም ዘይት ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ያ ማለት ግን ብዙ ዘይት እየፈሰሰ ነው ማለት አይደለም። የፓምፑ የግፊት ማስተንፈሻ ትርፉን ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ዕቃ) እየመለሰው ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ከነፊልትሮው 5.5 ሊትር ይይዛል። መጀመሪያ 5 ሊትር ይሙሉ፣ አስነስተው አንድ ደቂቃ ያህል ያሠሩት፣ አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁና በመለኪያው ዘንግ እያዩ ቀሪውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። አሮጌው ሲፈስ ደግሞ የመጀመሪያውን ጭቃማ ጅረት አሳልፈው ከመሃል 100 ሚሊሊትር በንጹሕ ጠርሙስ ይያዙና ወደ ዘይት ላቦራቶሪ ይላኩ። ብሮንዚናው የሚሠራባቸው እርሳስና መዳብ የሚባሉ ብረቶች በዘይቱ ውስጥ ከቅያሪ ቅያሪ ከጨመሩ ብሮንዚናው እየተበላ ነው፤ ድምፅ እስኪሰማ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2016 ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ እነዳለሁ። ዘይት መቀየሪያ ቤት 5ደብሊው-20 ሞላልኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «10ደብሊው-60 አድርግበት፣ ቱርቦ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ ጓደኛዎ ያሰበው ለእርስዎ ቢሆንም ያ ዘይት የሌላ ሞተር ነው። የእርስዎ 5ደብሊው-40 ነው፤ ከውፍረቱም በላይ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ «ቪደብሊው 502 00» የሚል የቮልስዋገን ማረጋገጫ መኖሩን ይመልከቱ። ያ ማረጋገጫ ዘይቱ በ150 ዲግሪ በኃይል ሲፋተግ ቢያንስ 3.5 ሚሊፓስካል ሰከንድ (ሌላ የውፍረት መለኪያ) ውፍረት እንዲይዝ ያስገድዳል። 20 ለሚባለው ግን የዘይት ውፍረት ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ 2.6 ብቻ ነው። ስለዚህ የሞሉልዎትን ሳይቆይ ያስወጡ፤ የሚገባው ከነፊልትሮው 5.7 ሊትር ነው።

ጠርሙሱ «ኤፒአይ ኤስፒ» (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የዘይት ጥራት ደረጃ) የሚልም ከሆነ እሰየው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ይህ ደረጃ ካንዴላው ሳይለኩስ ነዳጁ ቀድሞ ራሱ የሚቀጣጠልበትን ችግር ለመግታት ታስቦ ነው። በቀጥታ ነዳጅ የሚረጭ ቱርቦ ሞተር ላይ ይህ የሚመጣው በዝቅተኛ ዙር በኃይል ሲጫኑት ነው፤ ፒስተን ይሰብራል። ስድስተኛ ማርሽ ላይ በ1,500 ዙር ነዳጁን እስከ ታች አይርገጡ፤ ማርሽ ይቀንሱ። ጉዞዎ አጭር አጭር ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ያሽትቱ፦ ቤንዚን ከሸተተና ልኬቱ ሳይጨምሩበት ከፍ ካለ፣ ነዳጅ ገብቶ ዘይቱን አቅጥኖታል። መመሪያው 10,000 ማይል ቢፈቅድም በዚህ ዓይነት አነዳድ 5,000 ላይ መቀየር ይሻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፤ ሱባሩ ቱርቦ አለኝ። ለጠዋቱ ብርድ 0ደብሊው የግድ ነው? ማወፈሪያ የሚባለውስ ኬሚካል?

መልስ፦ የግድ አይደለም። 0ደብሊው በ35 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሚነሳ ሞተር የተለካ ነው፤ 5ደብሊውም 10ደብሊውም ለአዲስ አበባ ጠዋት ይበቃል። የእርስዎ ፈተና ሌላ ቦታ ነው፤ ለምሳሌ ዓባይ በረሃ። ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሙሉ ጭነት ይዘው ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ቱርቦው ለረጅም ሰዓት ይሠራል፣ ዘይቱም ይግላል። መመሪያዎ ለሞቃት አካባቢ 40 ከፈቀደ ከእንዲህ ያለ ጉዞ በፊት 5ደብሊው-40 ያስሞሉ። ዳገቱን ጨርሰው ሲቆሙም ወዲያው አያጥፉት፤ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ጥላሸት እንዳይለወጥ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ በዝቅተኛ ዙር) ያቆዩት።

ማወፈሪያውን ይተዉት። የፋብሪካውን ቅመም ሚዛን ያዛባል፣ የሚያሳየውን ውፍረትም በሙቀትና በፍትጊያ ላይ ይዞ አይቆይም።